ስልክ የተቆረጠባቸው 20 ዓመታት

እስቲ አንባቢዬን ልጠይቅ፤ ስንት የስልክ ቁጥር በቃልዎ ያውቃሉ? እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። እሱም የዘመዴ ቁጥር አይደለም።

ጎረቤታችን እትዬ ተወልደው ያደጉት አስመራ ነው። እሳቸው ትዳር ይዘው አዲስ አበባ ሲቀሩ ታናሽ እኅታቸው እዚያው ቀሩ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሲደውሉላቸው ቁጥሩን ከደብተር እያነበብኩ የምነግራቸው እኔ ነበርኩ። ስድስቱ አኃዞች እንዲያ ሲመላለሱ በቃሌ ቀሩ።

ግንቦት 1990 ዓ.ም. ባድመ ላይ ጦርነት ተጫረ። በጦርነቱ ሳቢያም በሁለቱ አገሮች መካከል የነበረው ቀጥታ የስልክ መስመር ተቋረጠ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከኖሩበት ተነቅለው ድንበር ሲሻገሩ፣ ባል እዚህ ሚስት እዚያ የቀሩበት ቤት ብዙ ነው። ታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመና ጠመንጃው ዝም አለ። ስልኩ ግን አልተናገረም።

የሚገርመው፣ ሁለቱም አገሮች ከዲጂታሉ ዓለም ጋር የተዋወቁት በዚያው ዘመን መሆኑ ነው። ኢትዮጵያ በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት፣ በ1991 ዓ.ም. ሞባይል ጀመረች። ኤርትራም ኢንተርኔትን በ1993፣ ሞባይልን በ1996 ዓ.ም. አገኘች። ከሩቅ ዓለም ጋር በየፊናቸው ሲነጋገሩ፣ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይራራቁት ሁለቱ ከተሞች እርስ በርስ መደዋወል አልቻሉም። የእትዬ ሰላምታ አስመራ የሚደርሰው በስዊድን በኩል ዞሮ ነበር። እዚያ የሚኖረው የአክስታቸው ልጅ ከአንዷ የሰማውን ለሌላዋ ይነግራል። ሰላምታ ደግሞ በሰው አፍ ሲዞር ለዛው ያልቃል፤ የእኅት ሳቅና ሳል በአደራ አይላክም።

ከዚያ ፌስቡክ መጣ። በ2006 ዓ.ም. አንድ ምሽት የእትዬ ልጅ ስልኩን ሲነካካ የአክስቱን ፎቶግራፍ አየ። አጠገቡ የሚነድ ሻማ፣ ከሥሩም «ነፍስ ይማር» የሚል ጽሑፍ ነበር። ልጁ ለእናቱ ትንፍሽ ሳይል እኛ ቤት መጣ። አባቴ የሰፈሩን ሽማግሌዎች አሰባሰቡና ጎሕ ሳይቀድ የእትዬን በር አንኳኩ። ወሬው ባሕር አቋርጦ በደቂቃዎች ደርሶ ነበር። ከልጅየው ክፍል እስከ እናቱ መኝታ ያለችውን ጥቂት እርምጃ ለመሻገር ግን ሰው አስፈለገው። መርዶ ከወሬ የሚለየው በዚህ ይመስለኛል፤ ወሬ ነግሮ ይሄዳል፣ መርዶ ነጋሪ ግን አብሮ አልቅሶ ይቆያል።

ሐምሌ 1 ቀን 2010 ዓ.ም. መስመሩ ተከፈተ። በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ፣ ከአስመራም ወደ አዲስ አበባ የማያውቁትን ቁጥር በግምት እየደወሉ «ሰላም ነው ወይ?» የሚባባሉ ሰዎች ነበሩ። እትዬም አስጠሩኝ።

«ያቺ ቁጥር አለችህ?»

«አለችኝ፤ ግን እትዬ፣ እኅትዎ እኮ...»

«አውቃለሁ ልጄ። ለቅሶ ልደርስ ነው።»

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና መደብ ላይ ተቀመጡ። በሞባይሌ 291 እና 1 አስቀድሜ ስድስቱን አኃዞች መታሁ። ጠራ። ያነሳችው የእኅታቸው ልጅ ነበረች። ሁለቱ በትግርኛ ሲላቀሱ እኔ ስልኩን ይዤላቸው ቆየሁ። አራት ዓመት የዘገየ ለቅሶ ነበር።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. የተከፈተው የየብስ ድንበር ከጥቂት ወራት በኋላ ዳግም ተዘጋ። እትዬ መቃብሩን ሳያዩ ቀሩ። ታዲያ ቴክኖሎጂ ሰውን አቀራረበ ወይስ አራራቀ ብሎ የሚከራከር ሰው ባገኘሁ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ ማብሪያ ማጥፊያው በማን እጅ ነው? መስመር ይዘጋል፣ ይከፈታልም። በተዘጋበት ዘመን ሁሉ ያቺን ደብተር ሳይጥሉ ያቆዩት ግን እትዬ ናቸው።