ጉድለቱና ማካካሻው፦ የሰው አካሄድ ልኬት ታሪክ

የሰው አካሄድ ዘወትር በዓይን የሚታይ ነገር ቢሆንም በልኬት ተይዞ ራሱን የቻለ የእውቀት ዘርፍ ለመሆን የበቃው ዘግይቶ ነው። አንድ እርምጃ ከአንድ ሰኮንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ በዚህች አጭር ጊዜ ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት በአንድነት ስለሚንቀሳቀሱ አንዱን መገጣጠሚያ የሚከተል ዓይን ሌላው ያመልጠዋል። ዛሬ የአካሄድ ትንተና የሚባለው ሙያ ይህን የዓይን ድካም በመሣሪያ ለመሙላት ከተደረጉ የብዙ ዘመናት ሙከራዎች የተወለደ ነው። ሙከራዎቹ ጤነኛውን አካል በመግለጽ ቢጀምሩም ስህተታቸው የታረመው በታመመውና በተጎዳው አካል ምስክርነት ነው፤ ካልደፈረሰ አይጠራም እንዲሉ፣ መራመድ ምን እንደሚጠይቅ በግልጽ የታየው አንዱ ክፍል ሲጎድል ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጥንታዊት ግሪክ አርስቶትል ስለ እንስሳት አካሄድ በጻፈው ድርሳን፣ በግድግዳ ጥግ የሚራመድ ሰው ቀለም የነካ ሸምበቆ ራሱ ላይ ቢታሰርለት በግድግዳው ላይ የሚሰመረው መስመር ቀጥ ያለ ሳይሆን ከፍ ዝቅ የሚል እንደሚሆን አመልክቷል። አስተውሎቱ ትክክል ነበር፤ መጠን ግን አልነበረውም። የመካኒክስን ሕግ ወደ ሰው አካል ያመጣው ጣሊያናዊው ጆቫኒ አልፎንሶ ቦሬሊ (1608–1679) ሲሆን፣ ስለ እንስሳት እንቅስቃሴ የጻፈው መጽሐፍ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1680 እና በ1681 ነው። ቦሬሊ ሰውን በሳንቃ ላይ አስተኝቶ ሳንቃውን በሹል ጠርዝ ላይ በማመዛዘን የስበት ማዕከልን፣ ማለትም የሰውነት ክብደት ሁሉ እንደተጠራቀመበት የሚቆጠረውን ነጥብ፣ ፈለገ። ጡንቻዎች ከመገጣጠሚያው ብዙ ሳይርቁ ከአጥንት ጋር ስለሚያያዙ፣ ከሚያነሡት ሸክም እጅግ የበለጠ ኃይል ማውጣት እንደሚጠበቅባቸውም አስረዳ።

ከዚያ በኋላ ትልቁን እርምጃ የወሰዱት ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች፣ የፊዚክስ ሊቁ ቪልሄልም ቬበርና የአካል አወቃቀር ሊቁ ኤድዋርድ ቬበር፣ በ1836 ስለ ሰው መራመጃ አካላት መካኒክስ ባሳተሙት መጽሐፍ ነው። በተለካ ርቀት ላይ የእርምጃን ርዝመትና ጊዜ መዝግበው ፍጥነት ሲጨምር ሁለቱ እንዴት እንደሚለዋወጡ አሳዩ። በአንድ ሙከራቸውም በአስከሬን ላይ ጭንን ከዳሌ ጋር የሚያገናኙትን ጡንቻዎችና የመገጣጠሚያውን ሽፋን ዙሪያውን ሲቆርጡ እግሩ ሳይወድቅ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ በዳሌው በኩል እስከ መገጣጠሚያው ጎድጓዳ ድረስ ቀዳዳ በስተው አየር ሲያስገቡ ግን እግሩ ወደቀ። ከዚህም የጭኑን ራስ በቦታው የሚይዘው የከባቢ አየር ግፊት ነው ብለው ደመደሙ፤ እግርም ያለ ጡንቻ ድካም እንደ ሰዓት ፔንዱለም በራሱ ክብደት እየተወዛወዘ ወደፊት ይመጣል የሚለውን ዝነኛ አስተሳሰባቸውን በዚህ ላይ መሠረቱ። ይህ ማብራሪያ ውብና ቀላል ስለነበር ለብዙ ዓመታት ተቀባይነት አግኝቶ ቆየ።

አስተሳሰቡን የተፈታተኑት ሕመምተኞች ናቸው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን ደ ቡሎኝ (1806–1875) ጡንቻዎችን በየተራ በኤሌክትሪክ እያነቃቃ የእያንዳንዱን ተግባር ሲመረምር ኖሮ በ1867 ባሳተመው ሥራ፣ ጭንን ወደፊት የሚያነሡ ጡንቻዎች የሰለሉባቸው ሰዎች እግራቸውን እንደ ፔንዱለም ማወዛወዝ እንደማይችሉና ዳሌያቸውን እያነሡ ወይም እግሩን በጎን አዙረው እንደሚያመጡት ገለጸ። እግር በክብደቱ ብቻ የሚወዛወዝ ቢሆን ኖሮ የእነዚህ ሰዎች እግር ከጤነኛው እኩል በተወዛወዘ ነበር። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ የጡንቻው መስለል ጉድለት ሲሆን፣ እግርን በጎን ማዞሩ ግን አካሉ ጉድለቱን ለመሸፈን የፈጠረው ማካካሻ ነው። ቆሞ ስለመቆየትም ተመሳሳይ ትምህርት ቀደም ሲል ተገኝቶ ነበር። የበርሊኑ ሐኪም ሞሪትዝ ሮምበርግ በ1840ዎቹ እንደገለጸው፣ የአከርካሪ ሕብለ ሰረሰራቸው ታሞ የእግራቸው ስሜት የደነዘዘባቸው ሰዎች ዓይናቸውን ገልጠው መቆም ሲችሉ ሲጨፍኑ ግን ይንገዳገዳሉ፤ ዓይን የጠፋውን ስሜት ሲተካ መኖሩ የሚታወቀው ዓይኑ ሲከደን ነውና።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የመመዝገቢያ መሣሪያ ዘመን ነበር። በፓሪስ ኤትየን ዡል ማሬ (1830–1904) ከተማሪዎቹ ጋር ከጫማ ሶል በታች አየር የሞላበት ክፍል አኑሮ፣ እግር መሬት በረገጠ ቁጥር አየሩ በጎማ ቱቦ አልፎ በሚሽከረከር ወረቀት ላይ መስመር እንዲያሰምር አደረገ። በ1882 በከተማይቱ ዳር ባቋቋመው የምርምር ጣቢያም በየክንዱና በየእግሩ ነጭ መስመር የተሰፋበት ጥቁር ልብስ የለበሰን ሰው በጥቁር ግድግዳ ፊት አራምዶ በአንድ ሰሌዳ ላይ ደጋግሞ ፎቶግራፍ በማንሣት፣ ሥጋው ጠፍቶ መስመሮቹ ብቻ የሚታዩበትን ምስል አገኘ። በአሜሪካ ደግሞ ኤድዋርድ ማይብሪጅ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ በ1887 ባወጣቸው 781 የፎቶግራፍ ሰሌዳዎች ውስጥ ከጤነኞቹ ጎን የነርቭ ሕመምተኞች አካሄድም ተካትቷል።

ከሁሉ ቀላሉ ዘዴ ግን የሌላው የፓሪስ ሐኪም የዢል ደ ላ ቱሬት ነው። በ1886 ባሳተመው ጥናት ከሰባት እስከ ስምንት ሜትር የሚረዝም ነጭ የግድግዳ ወረቀት ወለል ላይ አንጥፎ መሐሉን በእርሳስ ካሰመረ በኋላ፣ የሕመምተኛውን ውስጥ እግር ቀይ የብረት ዝገት ዱቄት ቀብቶ በመስመሩ ላይ እንዲሄድ ያደርግ ነበር። በወረቀቱ ላይ የቀሩት ዱካዎች የእርምጃው ርዝመት፣ የሁለቱ እግሮች መራራቅና ጣቶቹ ወደ ውጭ የሚዞሩበት ማዕዘን በማስመሪያ የሚለካባቸው ሰነዶች ሆኑ። አንድ እግሩ የደከመ ሰው እግሩን ሲጎትት ዱቄቱ በወረቀቱ ላይ ተስቦ ይታያል፤ ሚዛን የጎደለው ሰው ደግሞ ዱካዎቹ ተራርቀው ይገኛሉ።

ጀርመናዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፍሪድሪክ ትሬንደለንቡርግ በ1895 ያቀረበው ጽሑፍ ምንም መሣሪያ ሳይፈልግ የሐሳብ ለውጥ አስከተለ። የዳሌ መገጣጠሚያቸው ከልደት ጀምሮ የወለቀ ልጆች ግራና ቀኝ እየተወዛወዙ የሚሄዱት የጭኑ ራስ በዳሌው አጥንት ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚንሸራተት ነው የሚል እምነት ነበር። ትሬንደለንቡርግ ሕመምተኞቹን ከኋላ ሆኖ ሲመለከት፣ በአንድ እግር ሲቆሙ በአየር ላይ ባለው እግር በኩል ያለው ዳሌ ዝቅ እንደሚል አስተዋለ። በአንድ እግር ሲቆም ዳሌን ደረጃውን ጠብቆ የሚይዘው በቆመው እግር በኩል ያለው የመቀመጫ ጡንቻ ስለሆነ ችግሩ የጡንቻው መድከም ነው፤ መገጣጠሚያቸው ጤነኛ ሆኖ ጡንቻቸው ብቻ የመነመነባቸው ሰዎችም በተመሳሳይ ሁኔታ መሄዳቸው ይህን አጸናው። ራጅ ገና ባልታወቀበት ወቅት የጡንቻውን መድከም ለማየት አንድ ሰው ልብሱን አውልቆ በአንድ እግር መቆሙ በቂ ሆነ። ምርመራው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

በዚያው ዘመን በላይፕዚግ የአካል አወቃቀር ሊቁ ቪልሄልም ብራውነና የሒሳብ ሊቁ ኦቶ ፊሸር እስከዚያ ዘመን ያልታየ ጥራት ያለው ልኬት ፈጸሙ። በ1891 የበጋ ሌሊት ጥቁር ልብስ የለበሰ አንድ ሰው በአካሉ ላይ 11 ቀጫጭን የብርሃን ቱቦዎች ታስረውለት በአራት ካሜራዎች ፊት ተራመደ፤ ቱቦዎቹ በኤሌክትሪክ በየጊዜው እየበሩ ሲጠፉ እያንዳንዱ ብልጭታ የአካሉን አቋም በሰሌዳው ላይ ያትም ነበር። ሰውየው በኤሌክትሪኩ እንዳይመታ ቱቦዎቹና ሽቦዎቹ በጎማ መለየት ስለነበረባቸው ማልበሱ ብቻ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሲፈጅ፣ ጉዞው ራሱ የጥቂት እርምጃዎች ነበር። ሙከራው ሦስት ጊዜ ተደርጎ በሦስተኛው ሰውየው የእግረኛ ወታደር ጠመንጃና ሙሉ ስንቅ ተሸክሟል፤ የወታደር ሸክም እንዴት እንደሚከፋፈል ማወቅ ከጥናቱ ዓላማዎች አንዱ ነበርና። ብራውነ በ1892 ሲሞት ፊሸር የነጥቦቹን ሥፍራ በአጉሊ መነፅር እየለካ በእጅ ስሌት ሥራውን ቀጠለ፤ ውጤቱም ከ1895 እስከ 1904 በስድስት ክፍል ታተመ። ስሌቱ እግር ወደፊት የሚመጣው በክብደት ብቻ እንዳልሆነ በማረጋገጡ ዱሼን ከሕመምተኞቹ የተማረውን ሒሳቡ ደገፈለት። የቬበሮች ሐሳብም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ሞቶ አልቀረም፤ በ1990 በካናዳ ታድ ማክጊር ሞተር የሌለው ሁለት እግር ያለው መሣሪያ በዘቅዛቃ ሰሌዳ ላይ በራሱ ክብደት መራመድ እንደሚችል አሳይቷል።

ጦርነት ደግሞ ጥያቄውን ከሊቃውንት ክፍል አውጥቶ የመንግሥታት ጉዳይ አደረገው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እግራቸውን ያጡ ወታደሮች በብዛት ወደየአገራቸው ሲመለሱ፣ በፓሪስ ዡል አማር የትኛው ሰው ሠራሽ እግር እንደሚሻል ለመፈተን እግር መሬትን የሚገፋበትን ኃይል በየአቅጣጫው የሚመዘግብ መረማመጃ ሠራ። ዛሬ በየቤተ ሙከራው ወለል የሚቀበረው የኃይል መለኪያ ሰሌዳ የዚህ መረማመጃ ዘር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ በ1945 የተጀመረውን ትልቅ ጥናት የመሩት የአጥንት ሐኪሙ ቨርን ኢንማንና መሐንዲሱ ሃዋርድ ኤበርሃርት ሲሆኑ፣ ኤበርሃርት ራሱ በሥራ ላይ በደረሰበት አደጋ አንድ እግሩን ከጉልበት በታች ያጣ ሰው ነበር። ተመራማሪዎቹ የቆዳ መንሸራተት ልኬቱን እንዳያበላሽባቸው በፈቃደኞች የዳሌ፣ የጭንና የቅልጥም አጥንት ላይ የብረት ዘንግ ሰክተው አጥንቱ ራሱ እንዴት እንደሚዞር መዘገቡ፤ ከመስታወት በተሠራ ወለል ላይም አራምደው ከታች በኩል ፊልም አነሡ። ጥሩ ሰው ሠራሽ እግር ለመሥራት አስቀድሞ ጤነኛው እግር ምን እንደሚሠራ ማወቅ እንደሚያስፈልግ የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። በ1953 ከዚህ ጥናት የወጣው ጽሑፍ አካል የስበት ማዕከሉን ከፍታና ዝቅታ የሚቀንስባቸውን ስድስት እንቅስቃሴዎች ዘርዝሮ ለአሥርተ ዓመታት ሲጠቀስ ኖረ፤ የኋላ ልኬቶች ግን ከስድስቱ አንዳንዶቹ የተባለውን ያህል እንደማያበረክቱ አሳይተዋል።

የልጅነት ልምሻ ወይም ፖሊዮ ቀጣዩ አስተማሪ ሆነ፤ በሽታው አንዱን ጡንቻ ሽባ አድርጎ ጎረቤቱን ሊተው ስለሚችል የእያንዳንዱ ጡንቻ ጉድለት በአካሄድ ላይ ምን እንደሚያስከትል ለይቶ ለማየት ዕድል ሰጠ። በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በሚገኘው ራንቾ ሎስ አሚጎስ ሆስፒታል ያገለገለችው ጃክሊን ፔሪ (1918–2013)፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ፊዚዮቴራፒስት የነበረችና በኋላ የአጥንት ቀዶ ሐኪም የሆነች ባለሙያ፣ ከባልደረቦቿ ጋር የእርምጃን ዑደት በስምንት ምዕራፍ ከፍላ በእያንዳንዱ ምዕራፍ የትኛው መገጣጠሚያ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያመለክት የምርመራ ቅጽ አዘጋጀች። ዑደቱ አንድ ተረከዝ መሬት ከነካበት ቅጽበት ያው ተረከዝ ዳግም እስኪነካ ያለው ጊዜ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 60 ከመቶ ያህሉን እግሩ መሬት ረግጦ፣ ቀሪውን በአየር ላይ ሆኖ ያሳልፋል። ፔሪ በጡንቻ ውስጥ በሚሰኩ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎችም ጡንቻው ሲኮማተር የሚያመነጨውን ደካማ ኤሌክትሪክ መዝግባ፣ የትኛው ጡንቻ ያለ ጊዜው እንደሚሠራ ለየች።

የዚህ ሁሉ ልኬት ጥቅም ጎልቶ የታየው ሴሬብራል ፓልሲ ባለባቸው፣ ማለትም በአንጎል ጉዳት ምክንያት ጡንቻቸው የሚወጣጠር ልጆች ሕክምና ላይ ነው። አንድ ልጅ በእግሩ ጣት ሲሄድ የተረከዙ ጅማት አጥሯል ተብሎ በቀዶ ሕክምና ይረዘምለት ነበር። አንዳንዱ ልጅ ግን በጣቱ የሚቆመው ጉልበቱና ዳሌው ስለታጠፉ ተረከዙ መሬት ስለማይደርስ ነው፤ እንዲህ ያለው ልጅ ጅማቱ ሲረዘም ደጋፊውን ያጣና ጉልበቱን ይበልጥ አጥፎ መሄድ ይጀምራል። ስህተቱን ለማረም በየዓመቱ አንድ ቀዶ ሕክምና ስለሚጨመርለትም ልጅነቱ በሆስፒታል ያልቅ ነበር። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጄምስ ጌጅን የመሳሰሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በኮምፒውተር የሚሠራውን የአካሄድ ልኬት መሠረት አድርገው መነሻውን ችግር ከማካካሻው ለይተው፣ የሚስተካከለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ የማስተካከልን ልማድ አስፋፉ።

በዚያው በራንቾ ሎስ አሚጎስ የተደረገው የኦክስጅን ልኬትም ሌላ ነገር አስተማረ። እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች ለአንድ ሜትር ጉዞ ከጤነኛ ሰው የበለጠ ጉልበት ቢያወጡም፣ ፍጥነታቸውን ስለሚቀንሱ በየደቂቃው የሚጠቀሙት ኦክስጅን ከጤነኛው ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ቀስ ብሎ መሄዳቸው አካሉ አቅሙን አብቃቅቶ የሚጠቀምበት መንገድ ነው። ፍጥነት ራሱም ብዙ ይናገራል። በ1991 የወጣው ቀላል ፈተና አንድ አረጋዊ ከወንበር ተነሥቶ ሦስት ሜትር ሄዶ፣ ተመልሶ እስኪቀመጥ የሚወስድበትን ጊዜ በሰዓት ብቻ ይለካል፤ በ2011 ከዘጠኝ ጥናቶች የ34,485 አረጋውያን መረጃ ተሰብስቦ ሲተነተንም የአካሄድ ፍጥነት ከቀሪ ዕድሜ ጋር እንደሚያያዝ ታይቷል።

ከቀይ ዱቄቱ ወረቀት እስከ ኮምፒውተሩ ካሜራ ድረስ ያለው ታሪክ የመሣሪያ ጥራት ብቻውን ፍርድ እንደማይሰጥ ያስረዳል። ብራውነና ፊሸር አንድን ሰው ከማንም በላይ በጥራት ቢለኩም፣ ያ ሰው የሁሉ መለኪያ ሊሆን አይችልም ነበር። መሣሪያ የአንዱ አካሄድ ከሌላው በምን ያህል እንደሚለይ ይናገራል፤ ልዩነቱ በሽታው ይሁን ወይም አካሉ ለበሽታው ያገኘው መፍትሔ ግን ከቁጥሩ አይነበብም። ይህን ለመለየት ሐኪሙ ያ አካሄድ ለሰውየው ምን እንደሚያደርግለት መጠየቅ አለበት፤ ሳይጠይቅ «ቀና» የሚያደርግ ሰው የተረከዝ ጅማቱ ያለ አግባብ በተረዘመለት ልጅ ላይ እንደደረሰው ሁሉ፣ ሕመምተኛውን የተደገፈበትን ሊነጥቀው ይችላል።