አነስተኛው ሞተርና የሊማሊሞ ቁልቁለት

በኢጣልያ ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የተሠራው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ከደባርቅ ወደ ድብ ባሕር ያወርዳል። ለሠራተኛው የዕለት ጉዞ የታሰቡት ርካሽ ሞተር ብስክሌቶች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በ1938 ዓ.ም. ባለ 98 ሲሲው ቬስፓ ከኢጣልያ ወጣ፤ በነሐሴ 1950 ዓ.ም. ደግሞ ባለ 49 ሲሲው ሆንዳ ሱፐር ካብ በ4.5 የፈረስ ጉልበት በጃፓን ለገበያ ቀረበ።

ሁለቱ በጠባይ ይለያያሉ። የቬስፓው ሞተር ባለ ሁለት ምት ስለ ነበረ ዘይቱ የሚደርሰው ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ነው። በረጅም ቁልቁለት ቤንዚኑ ሲቀነስ ዘይቱም ያንሳል፤ ሞተሩም ፍጥነትን የመግታት አቅሙ ደካማ በመሆኑ ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል። ሱፐር ካብ ግን ባለ አራት ምት ነውና ዘይቱ ለብቻው ነው፤ በዝቅተኛ ማርሽም ፍጥነቱን ይገታል።

ዳገቱ ሌላ ፈተና ነው። በደባርቅ፣ በ2,800 ሜትር ግድም ከፍታ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር የኃይሉን ሩብ ያህል ያጣል፤ 4.5ቱ የፈረስ ጉልበት ወደ 3.4 ይወርዳል ማለት ነው።

እስከ 2010 ዓ.ም. ከ100 ሚሊዮን በላይ የተመረተው የሱፐር ካብ ቤተሰብ ርካሽነት ከጥንካሬ ጋር አብሮ ሊሄድ እንደሚችል አሳይቷል። ስለዚህ ለደጋው ሰው ሞተር የሚመርጥ ባለሙያ፣ ከመግዣው ዋጋ አስቀድሞ፣ ሰውን ከነሸክሙ አውጥቶ በደኅና የሚያወርድ መሆኑን ይመዝን።