የአክስቴ ፌስታል

ስሙኝማ፣ የአክስቴን የወገብ ነገር ላውጋችሁ። ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ቡና አፍልታ እየሸጠች ነው ልጆቿን ያሳደገችው። ዝቅ ያለ በርጩማ፣ ጎንበስ ብሎ ከሰል ማራገብ፣ እንደገና ብድግ። ሕመሙ ከወገቧ ይነሳና በዳሌዋ አልፎ እስከ እግር ጣቷ ይወርዳል። ሐኪሞች ከ3 ወር ያለፈውን ሕመም ሥር የሰደደ ይሉታል፤ የእሷ 9 ዓመት ሞልቶት ነበር።

“ምንዎትን ነው?” ስትባል “ወገቤን” ትላለች። በቃ። የታዘዘላትን ትውጣለች፣ ሲብስባት ደግሞ መድኃኒት ቤት ጎራ ብላ ዳይክሎፌናክ ትገዛለች።

አንድ ቀን አልጋዋ ሥር ያለውን የመድኃኒት ፌስታል መሬት ላይ ዘረገፍኩት። ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን፣ ከሥራቸው ደግሞ የደም ግፊቷ ኢናላፕሪል። ደነገጥኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሲዘወተሩ ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ ከኢናላፕሪል ጋር ሲደራረቡ ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ። የግፊቷ ሐኪም ስለ ወገቧ አልሰማም፤ የወገቧም ስለ ግፊቷ አልጠየቀም። እሷም አልነገረቻቸውም።

ቅዳሜ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ ወረድን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቁ እያየን የእስያን ጥንብ አንሳዎች ታሪክ ነገርኳት። ሕንድና ጎረቤቶቿ ከብት በዳይክሎፌናክ ያክሙ ነበር፤ የሞተውን ከብት የበሉ አሞሮች ኩላሊታቸው እየደከመ በሚሊዮን አለቁ። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታወቀ፤ በ2006 ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል ለከብት እንዳይሰጥ ከለከሉ። ሰው አሞራ አይደለም፤ መድኃኒቱም በሐኪም ትእዛዝ፣ በልኩ ለሰው ይጠቅማል። አክስቴ ግን ዓሣውን ትታ ወፎቹን ታይ ጀመር።

ማታ ለሕመሟ ስም ፈለግንለት። ይወጋል? ይቆረጥማል? ይጠዘጥዛል? “አይ፣ ይለበልበኛል። እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል። ጣቴም ይደነዝዛል” አለች። ይህ የነርቭ ሕመም ምልክት ነው፤ ተራ ማስታገሻ እምብዛም አያበርደውም። ቃሏን እንዳለ፣ ከሰዓቱ ጋር፣ የልጄ ደብተር ላይ ጻፍኩት።

የቀጠሮዋ ዕለት ወረፋ ላይ አንዲት የሲዳማ እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። አሮጊቷ በሲዳሙ አፎ ረጅም ነገር አወሩ፤ ጉልበታቸውን፣ ጀርባቸውን፣ አንገታቸውን እየዳሰሱ። ልጅቷ ለነርሷ “ያማቸዋል” አለች። ያ ሁሉ ነገር አንዲት ቃል ሆኖ ቀረ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

አክስቴ ገባች፤ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ “ይለበልበኛል” አለች። ሐኪሙ ከካርዱ ቀና አለ። ከዚያ በኋላ እሱ ጠያቂ፣ እሷ ተናጋሪ። እግሯን እያነሳ መረመራት፣ ዳይክሎፌናኩንና ኢቡፕሮፌኑን አስቆማት፣ የኩላሊት ምርመራ አዘዘላት። ለማታ ደግሞ በትንሽ መጠን አሚትሪፕቲሊን ጻፈላት።

“ይሄስ ለምንድን ነው ዶክተር?”

“ሲጀመር የድብርት መድኃኒት ነው፣ እናቴ። በትንሹ ሲወሰድ የነርቭን ሕመም ያበርዳል።”

ይህን ባትጠይቅ ኖሮ፣ አንድ ጎረቤት “የአእምሮ መድኃኒት እኮ ነው” ያላት ዕለት ትጥለው ነበር።

ሕመሙ አልጠፋም። እንቅልፍ ግን መለስ ብሎላታል፤ ማለዳ ማለዳም በሐይቁ ዳር ትራመዳለች። ባለፈው ሳምንት ለቀጣዩ ቀጠሮ አንድ ነገር አስጻፈችኝ፦ “የኩላሊቴ ቁጥር ስንት ነው? ደህና ነው ብቻ አትበሉኝ።”