ዛብ የተባለች አበባ

መስከረም ሲጠባ ከቢቸና ተነስቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚጓዝ ሰው ዓይኑን የሚማርከው አደይ አበባ ነው። በእንዲህ ያለው የጎጃም ደጋ፣ በጨፌው ሣር መካከል፣ አረንጓዴና ነጭ አበባዋን በአንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ላይ ደርድራ የምትቆም ሌላ ተክል አለች፤ ልብ የሚላት ግን ጥቂት ነው።

የዕጽዋት ሊቃውንት ሃቤናሪያ ይሏታል። ስሙን በ1805 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጀርመናዊው ካርል ቪልደኖቭ ሲሆን፣ ከላቲን የተወሰደው ቃል ዛብ፣ የልጓም ጠፍር ማለት ነው፤ የአበባዋ ክፍሎች እንደ ጠፍር ቀጥነው ይረዝማሉና። ፈረስ ለሚወደው ለጎጃም ሰው ይህ ስም እንግዳ አይሆንበትም። በዓለም ከስምንት መቶ የሚበልጡ ዝርያዎች ያሏት ይህች የኦርኪድ ወገን ዛፍ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ትበቅላለች። በበጋ ግንዷ ይደርቃል፤ ሥሯ ግን አፈር ውስጥ ተኝቶ ክረምትን ይጠብቃል።

ወደ አውሮፓ መጻሕፍት የገባችበት መንገድ ሞት ያለበት ነው። በ1839 እ.ኤ.አ. ከቴዎፊል ለፌቭር ጋር ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት ፈረንሳውያን አንዱ፣ ካርተን ዲሎን፣ በንዳድ ሞተ። ባልንጀራውን አንቷን ፕቲን ደግሞ በ1843፣ ጎጃምን የሚከበውን ዓባይን ሲሻገር፣ አዞ ወሰደው። ያደረቋቸው ዕጽዋት ግን ፓሪስ ደረሱ። አሺል ሪሻር መርምሮ ጻፈባቸው፤ አንዷን በዲሎን፣ አንዷን በፕቲ፣ ሌላዋንም በ1878 አድዋ ላይ ባረፈው በጀርመናዊው ሺምፐር ስም ጠራ። ሦስቱም ስሞች ዛሬ በሃቤናሪያ ወገን ውስጥ ይገኛሉ።

እንግዲህ እነዚህ ስሞች የመቃብር ጽሑፍ ናቸው። መልካውን ያሳየው፣ ጭነቱን የተሸከመው፣ አበባው የት ጨፌ እንደሚወጣ የሚያውቀው እረኛ ግን በእነዚህ አበቦች ላይ ስሙ አልተጻፈም። በ2004 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያዊው ሊቅ ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር የኢትዮጵያን ኦርኪዶች መጽሐፍ ሲያሳትሙ፣ አበባዋ በአገሯ ልጅ ብዕር ተነገረች።

ስምን መጽሐፍ ይጠብቀዋል፤ ሥርን የሚጠብቀው ግን ጨፌው ነው። ውኃው ተንጣፎ ማረሻ የገባበት ጨፌ ላይ ክረምቱ ይመለሳል፤ እርሷ ግን አትመለስም።