የሱሉልታው ተረት፤ ልጆች ፍርሃትንና ኀዘንን በዓይነ ኅሊና ስለሚችሉበት መንገድ

ተረት በአገራችን ከፊደል የቀደመ መምህር መሆኑ ደጋግሞ የተነገረ ስለ ሆነ እዚህ ላይ ማተቱ አያስፈልግም። ልናነሣው የምንወደው ከዚህ ጠበብ ያለ ጉዳይ ነው። ይኸውም ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናቸው ልጆች ፍርሃት፣ ኀዘንና ቁጣ ሲደርስባቸው ተረት ምን ያደርግላቸው እንደ ነበር፣ ወደ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜስ ከዚህ አገልግሎቱ ምን እንደ ቀረበት መመርመር ነው።

ቀድሞ ተረት የሚነገረው ማታ፣ እሳት ዳር ነበር። ተራቹ በታወቀው መክፈቻ ሲጀምር ልጆች በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ፤ ሲፈጽም ደግሞ ተረቱን እንዲመልሱለትና አፉን በዳቦ እንዲያብሱለት ይጠይቃል። ይህ ልማድ ለጨዋታ ማጣፈጫ ብቻ የመጣ አይመስለንም። መክፈቻው ልጁን ከቤቱ አውጥቶ ወደ ሌላ አገር ይወስደዋል፤ መዝጊያው በደኅና መልሶ ያገባዋል። በመካከሉ የሚፈራው፣ የሚያለቅሰውና የሚቆጣው ሌላ ሰው ነው። ከአጥሩ ውጭ ጅብ ሲጮኽ የሚሰማ ልጅ በተረቱ ውስጥ ጅቡ ሲታለል እየሰማ ይስቃል፤ ፈርተሃል ወይ ብሎ የጠየቀው ግን የለም። በዱከም፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በኦሮምኛ የሚነገረው ኦዱ ዱሪም ከሂቦ፣ ማለት ከእንቆቅልሽ ጋር፣ በዚሁ ሰዓትና በዚሁ መንፈስ የሚቀርብ ነበር።

ከዚሁ አካባቢ ስም ጋር ተሳስሮ በመጽሐፍ የቀረ አንድ ተረት አለ። አሜሪካዊው የተረት ሰብሳቢ ሃሮልድ ኩርላንደር ከሴም ቋንቋዎች ሊቅ ከቮልፍ ሌስላው ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1950 ኒው ዮርክ ላይ ያሳተመው የኢትዮጵያ ተረቶች መጽሐፍ ርእሱን ያገኘው ከዚህ ተረት ነው፤ “በተራራው ላይ ያለው እሳት” ይባላል። አርሃ የሚባል ከጉራጌ አገር በልጅነቱ አዲስ አበባ የገባ ወጣት፣ ሀብታም ለሆነው ነጋዴ አሽከር ሆኖ ያድራል። ነጋዴው ሰው ያለ ልብስና ያለ እሳት በሱሉልታ ተራራ ጫፍ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ሊያድር እንደማይችል በመናገር መሬት፣ ቤትና ከብት ያስይዛል። ሱሉልታን በነሐሴ ሌሊት የሚያውቅ አንባቢ ስለ ውርርዱ ክብደት ማብራሪያ አያሻውም። አርሃ የጨነቀው ለአንድ ሽማግሌ ያዋያል፤ ሽማግሌውም ከሸለቆው ማዶ እሳት አነድልሃለሁ፣ አንተም እርሱን እያየህ ስለ ሙቀቱና ስለ እኔ ስለ ወዳጅህ አስብ ይለዋል። አርሃ እንዲሁ አድርጎ ያነጋል። ነጋዴው ግን እሳት ማየት መሞቅ ነው ብሎ ይክደዋል፤ ዳኛውም ለነጋዴው ይፈርዳል። በመጨረሻ ኃይሉ የተባለ ሰው ግብር አዘጋጅቶ፣ እንግዶቹን ሁሉ ጠርቶ፣ የወጡን ሽታ ብቻ ያሸትታቸዋል። ማየት መሞቅ ከሆነ ማሽተትም መጥገብ ነውና ፍርዱ ይታረማል።

ይህ ተረት በክፍል ሲቀርብ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የኃይሉ ብልሃት ነው። በእኛ አስተያየት ግን ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የሚበልጠው የሌሊቱ ክፍል ነው። ብርዱ አልቀነሰም፤ አርሃም አልበረደኝም አላለም። የቻለው የሩቁን ብርሃን ከሩቅ ወዳጅ ጋር በሐሳቡ ስላገናኘው ነው። ከዚያም በኋላ የተበደለ ልጅ የሚያውቀው ቁጣ ይመጣል፤ ለቁጣውም ተረቱ በዱላ ፈንታ ግብዣን ይሰጠዋል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብሬንት አሽብራነርና ራስል ዴቪስ የተባሉ አሜሪካውያን ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የንባብ መጻሕፍት ዝግጅት ሊረዱ መጥተው ተረቶችን ከየአውራጃው ሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ብዙነሽ የተባለች የደጋ ሴት የእንጀራ ልጅዋን የሰጋብን ፍቅር ለማግኘት የአንበሳ ጢም ፍለጋ ትሄዳለች። አንበሳውን ቀን በቀን ሥጋ እየሰጠች ታለምደዋለች፤ ልጁንም እንዲሁ በትዕግሥት ቅረቢው ትባላለች። ተረቱ የሴትዮዋን ትዕግሥት ያወሳል። እናቱ የሞተችበት ሰጋብ ግን በዳር ቀርቷል፤ መምህሩ ልጆቹን ይህንኑ ተረት በሰጋብ አፍ መልሳችሁ ንገሩን ቢላቸው ብዙ ነገር ይሰማል።

ከዚያ ወዲህ ተረት በትምህርት ቤት እየበዛ ቢሄድም ከሥሩ “ከዚህ ምን ተማራችሁ?” የሚል ጥያቄ ተተከለበት። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን አርሃ ገና በተራራው ላይ እየተንቀጠቀጠ ሳለ ልጁን ወደ ፈተና ይጠራዋል። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሳህሉ የእሳት ዳሩን ድምፅ ለአያሌ ዓመታት በየቤቱ ቢመልሱትም፣ በክፍል ውስጥ ያለው ልማድ እምብዛም አልተለወጠም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ባደረገ ጊዜ ግን ተረቱ በተነገረበት ቋንቋ ወደ ክፍል የሚገባበት በር ተከፍቷል።

ዱከምን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በባቡርና በመኪና መንገድ ዳር ያደገች ከተማ ስትሆን፣ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ከተተከለባት ወዲህ ለሥራ ከየአገሩ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ከነባሮቹ ጋር በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ። አያቱን ትቶ የመጣው ልጅም፣ አባቱ ሲያርሰው የነበረው ማሳ ፋብሪካ የተሠራበት ልጅም ከአርሃ ጋር የሚጋራው ነገር አለው። ስለዚህ መምህሩ መጽሐፉን ዘግቶ ይተርት፤ ሱሉልታን ከመስኮቱ በሚታየው በየረር ተራራ ቢለውጠውም ተረቱ አይበላሽም። እኩለ ሌሊት ላይ ሲደርስ ያቁም፤ አርሃ አሁን ምን እያሰበ ነው፣ ከማዶ ያለውስ ማን ነው ብሎ ይጠይቅ። ስለ አርሃ እንጂ ስለ ልጁ አይጠይቅ። መናገር ያልወደደ ይሣል፤ መሣልም ያልወደደ ዝም ይበል፤ ለዚህ ሥራ ማርክ አይሰጥ። ከሥዕሉ ወይም ከቃሉ ከባድ ጉዳት የታየበት ልጅ ሲኖር መምህሩ በክፍሉ ፊት ሳያነሣው፣ ለብቻው አነጋግሮ ለሚያሳድጉት ወይም ለርእሰ መምህሩ ያስታውቅ፤ አሳዳጊዎቹ ራሳቸው የጉዳቱ ምክንያት መስለው ከታዩ ግን በቅድሚያ ከርእሰ መምህሩ ጋር ይምከር።