ትልቁ ሣጥን ወዴት ሄደ?

ባለፈው ክረምት በዋሽንግተን አቅራቢያ የሚኖር አንድ ወዳጄ ቤት ሊቀይር ዕቃውን ሲሸክፍ ላግዘው ሄጄ ነበር። ከሳሎኑ ጥግ ሁለት የእንጨት ሣጥኖች ቆመዋል። ቁመታቸው የወንበር፣ ክብደታቸው የወፍጮ ድንጋይ ያህል ነው፤ በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ ድምፅ ማጉያዎች ናቸው። የገዟቸው ነፍሳቸውን ይማርና አባቱ ናቸው፤ ለትምህርት መጥተው በዚያው በቀሩባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት።

“እነዚህን እንኳ ልጥላቸው ነው፤ ሆም ቴአትር ገዝቻለሁ” አለኝና አንድ ካርቶን አሳየኝ። በውስጡ ቡጢ የሚያህሉ አምስት ትንንሽ ስፒከሮችና አንዲት ጥቁር ሰብዉፈር ተቀምጠዋል። እኔም የአሮጌውን ሣጥን ጨርቅ ገለጥ አድርጌ የወረቀቱን ሾጣጣ ዳር ዳር የከበበውን ስፖንጅ በጣቴ ብነካው እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። ነገሩ ለወዳጄ የሚፈርድ መሰለ። ሆኖም “አንድ ሳምንት ስጠኝ” ብዬ ለመንኩት።

ውድ አንባብያን፣ ያን ሳምንት ያወጣሁትን ያወረድኩትን እነሆ ላካፍላችሁ። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ በየቤቱ የምናየው ድምፅ ማጉያ አባት አለው ከተባለ፣ አባትነቱ የሚሰጠው በጄኔራል ኤሌክትሪክ ይሠሩ ለነበሩት ለቼስተር ራይስና ለኤድዋርድ ኬሎግ ነው። ሁለቱ መሐንዲሶች በ1925 ያሳተሙት ጥናት ነገሩን በአጭሩ ቋጨው፦ በማግኔት መካከል የተንጠለጠለ ጥቅልል ሽቦ፣ በሽቦው ላይ የተጣበቀ የወረቀት ሾጣጣ። ኤሌክትሪኩ ሲመላለስ ሽቦው ይመላለሳል፤ ሽቦው ሲመላለስ ወረቀቱ አየሩን ይገፋል። መቶ ዓመት አለፈ፤ በወዳጄ አዲስ ካርቶን ውስጥ ያለውም በመሠረቱ ይኸው ነው። ስለዚህ “አዲስ” እና “አሮጌ” ስንል የምናወራው ስለ ሾጣጣው ሳይሆን፣ በአብዛኛው ስለ ሣጥኑና ስለሚነዳው ጉልበት ነው።

ሣጥኑ ለምን አስፈለገ? ወረቀቱ ወደፊት አየር ሲገፋ ከበስተኋላው አየር ይስባል። ቀጭን ድምፅ ላይ ይህ ብዙ አይጎዳም። ወፍራሙ ድምፅ ግን ከኋላ ዞሮ መጥቶ ከፊተኛው ጋር ይጣፋል። በሴኮንድ 20 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የአንዱ ማዕበል ርዝመት 17 ሜትር ያህል ነው፤ ከብዙዎቻችን ሳሎን ይረዝማል። እንዲህ ያለውን ማዕበል ለማንቀሳቀስ ብዙ አየር መግፋት፣ የኋላውንም አየር ማሰር ግድ ነው። (በገና በትንሿ ራዲዮ እንኳ ግርማው የማይጠፋው ለምንድን ነው እያልኩ እደነቅ ነበር። ከክሩ ሥር ያለችው የቆዳ እንዚራ ክሩን እያንዘዘች ብዙ ቀጫጭን ድምፆችን ትወልድለታለች፤ ጆሯችንም ከእነዚያ ልጆች ተነሥቶ ያልሰማውን ወፍራም አባት ይገምታል። ከበሮ ግን እንዲህ ያለ ጠበቃ የለውም።)

ከዚህም የተነሣ የቀደሙት ሣጥኖች ግዙፎች ነበሩ። በ1946 በአርካንሶ ግዛት ሆፕ በተባለች ትንሽ ከተማ ሥራ የጀመረው ፖል ክሊፕሽ፣ የቤቱን ጥግ ራሱን የመለከቱ አፍ አድርጎ የሚጠቀም ትልቅ ሣጥን ሠራ። ግድግዳዎቹ የመሣሪያው አካል ሆኑ ማለት ነው። የዚያ ዘመን አምፕሊፋየር ጉልበቱ ጥቂት ዋት ብቻ ስለነበረ፣ ጠብታዋን ጉልበት ወደ ብዙ ድምፅ የሚለውጥ ትልቅ ሣጥን ያስፈልግ ነበር።

በ1954 ኤድጋር ቪልቸር የተባለ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስለ ድምፅ ያስተምር የነበረ ሰው መላውን ነገር ገለበጠው። ሾጣጣውን ወደ ቦታው የሚመልሰው ምንጭ እስከዚያ ድረስ ከሾጣጣው ጋር የተሠራ ግትር ማንጠልጠያ ነበር። ቪልቸር ማንጠልጠያውን አላላው፤ ሣጥኑን ደግሞ አየር እንዳያሾልክ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው፤ የታሰረው አየር ራሱ ምንጭ ሆነ። አየር ከብረትና ከጨርቅ ይልቅ ሥርዓት ያለው ምንጭ ነውና ወፍራሙ ድምፅ ጠራ፤ ሣጥኑም መደርደሪያ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ አነሰ። ከተማሪው ከሄንሪ ክሎስ ጋር በማሳቹሴትስ ኬምብሪጅ አኩስቲክ ሪሰርች የሚባለውን ድርጅት አቋቋሙ። በዐሥር ዓመት ውስጥ የአሜሪካ ሳሎን መልኩን ለወጠ። ኤአር-3 የተባለው ሥራቸው ዛሬ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል።

ይህ ሰው እንዴት ይፈትን እንደነበር ሳነብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የፋይን አርትስ ኳርቴት ሙዚቀኞችን ከመድረክ ያስቀምጣል፤ በአጠገባቸው ድምፅ ማጉያዎቹ ቆመዋል። ሙዚቀኞቹ ይጫወታሉ፤ ከዚያም በመካከል ቅጂው ይተካቸዋል፤ እነርሱ ግን ቀስታቸውን ክሩን ሳያስነኩ ማመላለሳቸውን አያቋርጡም። የአዳራሹ ሰው የትኛው ሕያው፣ የትኛው ቅጂ እንደሆነ መለየት ይቸግረው ነበር። በ1967 ድርጅቱን ሸጦ ወጣ፤ የቀረውን የሥራ ዘመኑን የሰጠው መስማት ለተሳናቸው ሰዎች የጆሮ መሣሪያን ለማሻሻል ነው። ይህንን ሳነብ በልቤ ከሌሎቹ ሁሉ ከፍ ያለ ቦታ ሰጠሁት።

ትንሿ ሣጥን ግን በነፃ አልተገኘችም፤ ከቀድሞዎቹ የበለጠ ጉልበት ትጠይቃለች። ይህንን በሕግ መልክ ያስቀመጠው የታዋቂው ፒያኖ ተጫዋች የጆሴፍ ሆፍማን ልጅ የሆነው የፊዚክስ ሊቁ አንቶን ሆፍማን ነው። ሕጉ እንደ ተረት ሦስት ምኞት ይሰጣችኋል፦ ትንሽ ሣጥን፣ ጥልቅ ድምፅ፣ ጉልበት መቆጠብ። ሁለቱን ምረጡ፤ ሦስተኛው አይሰጣችሁም። ከዚያ ወዲህ የመጣ መሐንዲስ ሁሉ በዚህ ሕግ ውስጥ ሲገላበጥ ኖረ እንጂ ሕጉን የሰበረ የለም።

ታዲያ ወፍራሙን ድምፅ ከሌላው ለይቶ ለብቻው በሣጥን ያኖረው ማን ነው? በአብዛኛው ሲኒማ ነው። በ1974 ዩኒቨርሳል “ኧርዝኩዌክ” የተሰኘውን ፊልሙን ሲያወጣ፣ ተመልካቹ የምድር መናወጥን በደረቱ እንዲሰማው ብሎ በየአዳራሹ ግዙፍ ሰብዉፈሮችን አስተከለ። በሆሊዉድ ግራውማን ቻይኒዝ ቴአትር የጣሪያው ልስን በተመልካች ላይ እንዳይወርድ መረብ ተወጠረ። በ1987 ቶምሊንሰን ሆልማን የተባለው የድምፅ ሊቅ ለፊልም የሚያስፈልገውን የድምፅ መሥመር ሲቆጥር “አምስት ነጥብ አንድ” አለ፤ አምስቱ ሙሉ መሥመሮች ናቸው፣ ነጥብ አንዷ ደግሞ ለነጎድጓድ ብቻ የተተወች ጠባብ መንገድ። በ1992 “ባትማን ሪተርንስ” በዶልቢ ዲጂታል ወጣ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ዲቪዲ ሲስፋፋ ያቺ ነጥብ አንድ ከአዳራሹ ወጥታ ከሶፋችን ጎን ተቀመጠች።

ለወዳጄ መጀመሪያ የነገርኩት ይህንን ነው። የአባቱ ሣጥኖች የተሠሩት ለሙዚቃ ነው። የኮንትራባስ ዝቅተኛ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ ያንን በሚገባ ያወጣ ሣጥን በ1970ዎቹ የከበረ ነበር። ፊልም ግን ከዚያም በታች ወርዶ፣ ከማናቸውም ኦርኬስትራ በላይ ጮክ ብሎ እንዲፈነዳ ይጠይቃል። ሁለቱ የተፈተኑት በአንድ ፈተና አይደለም።

አዲሲቱ ጥቁር ሣጥን እንዴት ቻለችው? የሆፍማንን ሦስተኛ ምኞት ሙሉ በሙሉ ጥላ። በ1996 ቦብ ካርቨር በየማዕዘኑ 28 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነች ሰብዉፈር አወጣ፤ በውስጧ ያስገባው አምፕሊፋየር 2700 ዋት ይባል ነበር። በቪልቸር ዘመን የቤት አምፕሊፋየር ጉልበት በዐሥር ቤት ይቆጠር እንደነበር አስቡት። ትልቁ ሣጥን የሄደው ወዴት እንደሆነ ለሚጠይቅ፣ ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦው ገባ ብል ማጋነን አይሆንም።

ማግኔቱም ታሪክ አለው፤ ያውም አፍሪካዊ ታሪክ። ብዙዎቹ ስመ ጥር ድምፅ ማጉያዎች አልኒኮ በሚባል፣ ኮባልት ባለበት ማግኔት ይሠሩ ነበር። የዓለም ኮባልት በብዛት የሚወጣው ከዛየር፣ ከዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ ነው። በግንቦት 1978 በሻባ ግዛት ያለችው የማዕድን ከተማ ኮልዌዚ በጦርነት ስትያዝ የኮባልት ዋጋ ናረ። እስከዚያ በአልኒኮ የጸኑ ፋብሪካዎችም ወደ ርካሹና ከባዱ ፌራይት ፊታቸውን አዞሩ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ደግሞ ኒዮዲሚየም የሚባለው መጣ፤ ትንሽ ሆኖ ብርቱ ነው። ቡጢ የምታህል ስፒከር የሚቻለው በእርሱ ጭምር ነው። ስለ አልኒኮ “ጣፋጭ ድምፅ” በስሜት የሚከራከሩ ሰዎች አሉ፤ በእኔ ግምት የሚናፍቁት ማግኔቱን ሳይሆን ወጣትነታቸውን ነው።

ዐይን ጆሮን እንደሚያታልል ማስረጃም አለ። ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ በ1994 ያሳተሙት ጥናት አርባ አድማጮችን አስቀምጦ አራት ዓይነት ድምፅ ማጉያዎችን መጀመሪያ ከመጋረጃ በስተጀርባ፣ ቀጥሎም በግልጽ እያሳየ አስፈረዳቸው። ከአራቱ አንዱ ትንሽና ርካሽ፣ ሰብዉፈር ያለው ነበር። በመጋረጃ ተሰውሮ ሳለ ከትልልቆቹ ጋር ተወዳደረ፤ መጋረጃው ሲነሣ ማነሱ ታየና ውጤቱ ወረደ። አድማጮቹ ደግሞ ተራ ሰዎች አልነበሩም፤ የአንድ ድምፅ ማጉያ ኩባንያ ሠራተኞች ነበሩ።

እኔም ይህን ካነበብኩ በኋላ በራሴ አድናቆት ማፈር ጀመርኩ። ያንን የዋልነት ገላ ስመለከት የማደንቀው ድምፁን ነው ወይስ እንጨቱን? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ መጠገን ነበረበት። የተፈረፈረው ስፖንጅ የብዙዎቹ የዘመኑ ሣጥኖች ሕመም ነው፤ ከዐሥራ አምስት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ሙቀትና እርጥበት ይበላዋል። ከዚያ በፊት የነበሩት በጨርቅ የተሠሩት ግን እስካሁን ያሉ አሉ። አዲስ ቀለበት ገዛን፤ የድሮውን ሙጫ በጥንቃቄ ፋቅን፤ አጣበቅን፤ እስከ ማግስቱ ለቀቅነው።

ከዚያ አንድ ፊልም ከፈትን። ፍንዳታው ሲመጣ የአባቱ ሣጥኖች ጉሮሯቸውን የሚጠርጉ ሽማግሌዎች መሰሉ፤ ሾጣጣው ከልኩ በላይ ሲወረወር አይተን ደንግጠን ዝቅ አደረግነው። አዲሲቱ ግን ወለሉን አንቀጠቀጠች። በዚህ ክርክር የለም።

ወዳጄ ቀጥሎ ከመሳቢያ አንድ ካሴት አወጣ። አባቱ በ1980ዎቹ ለአዲስ አበባ ዘመዶቻቸው ቀርጸው ሳይልኩት የቀረ የድምፅ ደብዳቤ ነው። በአዲሱ አጫወትነው። ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ አንድ ነገር ግን ቅር አለን። የወንድ ድምፅ ሥሩ በሴኮንድ ከመቶ ጊዜ ትንሽ ከፍ ይላል፤ እነዚያ ቡጢ የሚያህሉ ስፒከሮች እዚያ ድረስ መውረድ ስለማይችሉ ሥሩን ለሰብዉፈሯ ያስረክባሉ። ስለዚህ የአባቱ ከንፈር ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ደረታቸው ከሶፋው ኋላ ይናገሩ ነበር። ጆሮ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ ከየት እንደመጣ አያውቅም፤ ከዚያ በላይ ግን እየተጠጋ ሲሄድ ያውቃል።

በአሮጌዎቹ ስናጫውተው ወዳጄ ተነሥቶ መብራቱን አጠፋው። እኔም መጋረጃውን ያስታወሰው መሰለኝ፤ ምክንያቱን ግን አልጠየቅኩትም። አባቱ “ደኅና ናችሁ ወይ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ” ሲሉ ከአንድ ቦታ፣ ሙሉ ሰው ሆነው ነው።

አሁን በአዲሱ ቤት ሁለቱ የእንጨት ሣጥኖች ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ቆመዋል። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ሁሉ ከእነርሱ ቀንሰን ለጥቁሯ ሰብዉፈር ሰጠናት። ትንንሾቹ አምስቱ እስካሁን በካርቶናቸው ውስጥ ናቸው፤ ወዳጄ የሚወስዳቸው ሰው እያፈላለገ ነው።