የአዲስ ዘመን ደጅ

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ጠላት ጣሊያን ከአዲስ አበባ በወጣ ሰሞን ነው ነገሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከተማዋ ገቡ፤ ለተሰበሰበውም ሕዝብ ንግግር አደረጉ፤ ከዚያ ወሩ እንዳለፈ፣ ክረምቱ ሊገባ ደመናው ሲያንዣብብ፣ ግንቦት 30 ቀን አንድ ጋዜጣ ወጣ፤ ስሙንም ከዚያው ንግግር ወስዶ አዲስ ዘመን ተባለ።

የመንግሥት ጋዜጣ ነው። ዘውዱን አወድሷል፣ ዘውዱ ሲወርድም ደርግን አወድሷል፤ ይህን መሸሸግ አይገባንም። ዳሩ ግን ደጁን እነማን እንደረገጡት ተመልከቱ። ከወደ ጎንደር ብርሃኑ ዘሪሁን መጣ፤ በዚያ ዘመን ከጎንደር የሚነሣ ሰው የዓባይን በረሃ ቁልቁል ወርዶ፣ ወበቁን ችሎ፣ ዳገቱን ወጥቶ ነው አዲስ አበባን የሚያያት። ከወደ ምዕራብም፣ ዝናብ ከማይለየው ኢሉባቦር፣ የሱጴው በዓሉ ግርማ መጣ። ሁለቱም በየተራቸው የአዲስ ዘመን ዋና አዘጋጅ ሆኑ፣ ቀን ዜና ሲያርሙ ዋሉ፣ ደግሞም ልብ ወለድ ጻፉ፤ የብርሃኑ «የቴዎድሮስ እንባ» በ1958፣ የበዓሉ «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ታተመ። የብርሃኑን አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ያነበበ ሰው የጋዜጠኛ እጅ እንዳለባቸው ወዲያው ያውቃል። እኔ እንደማምነው የዛሬው የአማርኛ ልብ ወለድ ግማሽ ትምህርት ቤቱ የዜና ክፍል ነበር።

አንባቢውስ? አራት ኪሎን አስታውሱ። ጋዜጣ አዟሪው መሬት ላይ ዘርግቶ፣ አራቱን ጥግ በድንጋይ ይዞ ይቀመጥ ነበር፤ ሥራ ፈላጊው ወጣት ሳንቲሙን ከፍሎ ይከራይና ድንጋይ ላይ ቁጢጥ ይል ነበር፤ መጀመሪያ ክፍት የሥራ ቦታውን ያይ፣ ስልክ ቁጥሩን መዳፉ ላይ ይጽፍ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ ዜናውን፣ ኪነ ጥበቡን፣ ስፖርቱን ያነብ ነበር፤ ካፊያ ሲጀምር ጋዜጣውን ከራሱ አስቀድሞ ኮቱ ውስጥ ይሸሽግ፣ ሲጨርስም በዱሮው እጥፋት አጥፎ ይመልስ ነበር። መግዛት ያልቻለ ሰው ሳይቀር የአገሩን ወሬ ያውቅ የነበረው እንዲህ ነው።

አደራ፣ በየቤታችሁ ሣጥን ሥር የአባቶቻችሁ አሮጌ አዲስ ዘመን ካለ ለበርበሬ መጠቅለያ አታድርጉት። ወደ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ውሰዱት፤ ልጆቻችሁም ሄደው ያንብቡት።